የባቢሌ ኦቾሎኒ ከቀፊራ፦ ከነቅርፊቱ ግዙ፣ የተፈጨው ይቅርባችሁ

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የሚሸጠው የባቢሌ ኦቾሎኒ በጣዕሙ አይታማም፤ 100 ግራሙ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። ጣጣው ሻጋታ ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ቤት ውስጥ መቁላት መርዙን ቢቀንሰው እንጂ አያጠፋውም።

ከነቅርፊቱ ያለውን አንስታችሁ ጆሯችሁ ሥር ነቅንቁት። የደረቀ ፍሬ ይንኳኳል፤ ዝም ካለ እርጥበት አለው፣ ተዉት። የተፈለፈለው ጊዜ ይቆጥባል፤ ግን ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውሃ ተረጭቶበት ከሆነ ሻጋታው ከዚያው ይጀምራል። ሻጩን መጠየቅ ነውር የለውም።

ቤት ስትገቡ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን ልቀሙ። መርዙ በአብዛኛው የሚከማቸው በጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ስለሆነ ይህች ለቀማ ከመቁላቱ በላይ ትጠቅማለች። ሲታኘክ የመረረ ፍሬ ይተፋል እንጂ አይዋጥም።

የኦቾሎኒ ቅቤው? ለስላሳ ነው፣ ይጥማል፤ ግን የተበላሸው ፍሬ አብሮ ከተፈጨ በዓይን አይለይም። ራሳችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ። የተለቀመውን ግርድ ለላም አትስጡ፤ መርዙ በወተት ይመለሳል።