የኮራል አኳሪየማችንን የውሃ ዝውውር ላስተካከሉልን የቧንቧ ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህን አንብቡልን። ለአንድ የቧንቧ ባለሙያ ምስጋናችንን ልናደርስ፣ ለእናንተም ልንጠቁማቸው ነው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። የዘወትር ሥራቸው የቤት ቧንቧ ነው፤ ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት የሚኖሩበትን ገንዳ የውሃ ዝውውር ግን እንዲህ አስልቶ የሚሠራ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላገኘንም። "ጥሩ አድርገው ሠሩልን" ብለን ብናልፍ ለማንም ስለማይጠቅም፣ ምን እንደሠሩና ለምን እንደዚያ እንደሠሩ በዝርዝር እናስቀምጣለን።

ገንዳው 4 ጫማ ርዝመት፣ 2 ጫማ ስፋትና 2 ጫማ ቁመት አለው፤ 120 ጋሎን ማለት ነው፣ 454 ሊትር ገደማ። ከሥሩ ሳምፕ የሚባለው የማጣሪያ ገንዳ አለ፤ ውሃው በመፍሰሻ ሳጥን በኩል ወደ እሱ ይወርዳል፣ ፓምፕ ደግሞ በመመለሻ ቧንቧ ወደ ላይ ይመልሰዋል። የሳምፑ ወለሉ 36 በ18 ኢንች፣ ቁመቱ 16 ኢንች። ኮራሎቹ ድብልቅ ናቸው፦ ታች ለስላሳዎቹ፣ መሃል ላይ ቶርችና ሀመር፣ ከላይ አክሮፖራ።

ጋሼ ሜትራቸውን አውጥተው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፓምፕ አልነበረም። "መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይገባል?" ነበር ያሉት። ከእሳቸው በፊት የተዘረጋው የመመለሻ ቧንቧ አፉ ከውሃው ገጽ 5 ኢንች ወርዶ ተቀምጦ ነበር። ፓምፑ ሲቆም ያ ቧንቧ ሲፎን ይሆንና፣ ማለትም ውሃውን ያለ ፓምፕ ወደ ታች ይስብና፣ ውሃው እስከ አፉ ድረስ ተመልሶ ወደ ሳምፑ ይወርዳል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ገንዳው 48 በ24 ኢንች ስለሆነ እያንዳንዱ ኢንች ውሃ 5 ጋሎን ይይዛል፤ 5 ኢንች 25 ጋሎን ነው። ሳምፑ በ9 ኢንች ውሃ ሲሠራ የሚቀረው 7 ኢንች ነው፤ እዚያ ላይ አንድ ኢንች 2.8 ጋሎን ስለሆነ ከ20 ጋሎን ያነሰ ቦታ ነው ያለው። የቀረው ወለል ላይ ነው የሚፈሰው። የሚገርመው፣ ይህ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በምንም አይታይም፤ ገንዳው ለወራት ያለ አንዳች ችግር ሊሠራ ይችላል።

ጋሼ የቧንቧውን አፍ ከውሃው ገጽ 1 ኢንች ብቻ ዝቅ አድርገው አስቀመጡት። አሁን ፓምፑ ሲጠፋ ከገንዳው፣ ከመፍሰሻ ሳጥኑና ከቧንቧው ተደምሮ የሚወርደው ወደ 9 ጋሎን ነው። ቧንቧው ላይ አየር የሚያስገባ ሩብ ኢንች ቀዳዳም በስተውታል፤ ነገር ግን "እሱን አምናችሁ እንዳትተኙ" ብለው አስጠንቅቀዋል። ቀዳዳውን አልጌ ወይም ትንሽ ቀንድ አውጣ ሊደፍነው ይችላል። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭም እንዲሁ ነው፤ ኖራ የሚሠሩ ትላትሎች መዝጊያው ላይ ስለሚበቅሉ አንድ ቀን አልዘጋ ይላል። መድኅኑ ሳምፑ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ፓምፑን አጥፍተው ውሃው መውረዱን እስኪጨርስ ጠበቁና የደረሰበት ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አሰመሩ። ከዚያም ፓምፑ ሲሠራ ያለውን ከፍታ በሌላ መስመር አመለከቱ። ውሃ የሚጨምር ሰው ከዚያ መስመር ማለፍ የለበትም።

የመፍሰሻውን ሥራ በተለይ እናመሰግናለን። የዘረጉት ቢን አኒማል የሚባለውን የሦስት ቧንቧ አሠራር ነው፤ ሦስቱም አንድ ኢንች ተኩል ናቸው። የመጀመሪያው አየር የማይገባበት ሙሉ ሲፎን ሲሆን አብዛኛውን ውሃ ያወርዳል፤ ድምፅ የለውም። መጠኑን የሚቆጣጠረው በብዙ ዙር ቀስ በቀስ የሚዘጋው ጌት ቫልቭ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በሩብ ዙር የሚዘጋውን ቦል ቫልቭ ይገጥማል፤ ቦል ቫልቭ ግን እጀታው በፀጉር ስንጥቅ ያህል ሲነካ ፍሰቱ በብዙ ስለሚለወጥ ለማስተካከል አይመችም። ሁለተኛው ቧንቧ ቀጭን ጅረት ብቻ የሚያልፍበት ነው። ሦስተኛው አፉ ከሁለቱም ከፍ ያለና ሁልጊዜ ደረቅ ሆኖ ለክፉ ቀን የሚጠብቅ ነው። እሱ ውስጥ ውሃ ሲንፏፏ ከተሰማ አንድ ነገር ተደፍኗል ማለት ነው፤ ድምፁ ራሱ ደወል ነው።

ሁለተኛው ቧንቧ ላይ ቀጭን የአየር ቱቦ አለ፤ ጫፉ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ውሃ ትንሽ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ዋናው ሲፎን ቢደፈን በሳጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ብሎ የቱቦውን ጫፍ ይሸፍናል፣ አየር ይቋረጣል፣ ሁለተኛው ቧንቧም በተራው ሙሉ ሲፎን ሆኖ ሥራውን ይረከባል። ጋሼ ይህን በቃል ብቻ ነግረውን አልሄዱም። ጌት ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው አሥር ደቂቃ አስጠበቁን። ከዚያ ሁለተኛውንም ደፍነው ሦስተኛው ብቻውን ውሃውን እንደሚችለው አሳዩን። ሥራ ተረክባችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ፈተና ከማንም ባለሙያ ጠይቁ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር እንጨምር፤ የዋናው ሲፎን የታችኛው ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ከአንድ ኢንች በላይ መጥለቅ የለበትም። ጠልቆ ከገባ ፓምፑ ሲነሳ ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፤ ሲፎኑ አይያዝም፣ ውሃው በሌሎቹ ቧንቧዎች እየተንኳኳ ይወርዳል። "ቫልቩ ተበላሽቷል" ተብሎ ከሚቀየረው ብዙው ጥፋቱ ይህ ነው።

የመመለሻ ፓምፑን መጠን ሲመርጡ በሰዓት የገንዳውን አራት እጥፍ፣ 480 ጋሎን ገደማ እንዲመልስ ነው ያሰሉት። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይገፋ የሚያወጣው ነው፤ 5 ጫማ ሽቅብ ሲገፋ በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ የሚያወጣውን የከፍታና የፍሰት ሰንጠረዥ አይተው ነው የመረጡት። መመለሻው ባለ 1 ኢንች ሲሆን፣ ባለ 90 ዲግሪ ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) በሚያስፈልግበት ቦታ ሁለት ባለ 45 ዲግሪ ጎሚቶ አድርገዋል፤ ውሃው በለዘብታ ሲዞር የሚባክነው ጉልበት ያነሰ ነው። ከፓምፑ ጋር የሚገናኘው ለስላሳ ቱቦ ስለሆነ ንዝረቱ ወደ ካቢኔው አይተላለፍም። ፓምፑና ቫልቮቹ ዩኒየን በሚባለው ተፈቺ መጋጠሚያ ስለተያያዙ ያለ መጋዝ ይፈታሉ። በጨው ውሃው መንገድ ላይ ነሐስም መዳብም የለም፤ መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ይገድላል።

ኮራሎቹ የሚፈልጉትን ማዕበል ግን ይህ ፓምፕ አይሰጥም። ያ የገንዳው ውስጥ ፓምፖች ሥራ ነው። ለስላሳ ኮራል የገንዳውን መጠን በሰዓት ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያንቀሳቅስ ፍሰት ይበቃዋል፤ አክሮፖራ 40 እና ከዚያ በላይ ይወዳል። ለድብልቅ ገንዳችን እያንዳንዳቸው በሙሉ ኃይላቸው በሰዓት 2,500 ጋሎን የሚገፉ ሁለት ፓምፖች፣ በግራና በቀኝ መስታወት፣ ከውሃው ገጽ 5 ኢንች ዝቅ ብለው ተሰቅለዋል። በ60 እና በ70 በመቶ መካከል ስለሚሠሩ 25 እጥፍ እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይሰጣሉ፤ ድምፅም የላቸውም። ለስድስት ሰዓት ግራው ይበረታል፣ ከዚያ ቀኙ ይተካል። ውሃው ከላይ ወደ አንዱ ጫፍ ይሄድና በአሸዋው በኩል ይመለሳል፤ አቅጣጫው ሲቀየር በአንደኛው ዙር ጥላ ውስጥ የነበረ ጉድባ በሁለተኛው ይታጠባል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመታው ኃይለኛ ፍሰት የቶርችን ሥጋ ከአጥንቱ ይገፈዋል፤ ስለዚህ አንዱም ፓምፕ ፊት ለፊት ኮራል ላይ አልተነጣጠረም።

ድንጋዮቹም እንዲነሱ አድርገዋል። ከኋላው መስታወት ጋር እንደ ግድግዳ ተደርድረው ነበር፤ ከጀርባቸው ቆሻሻ ተጠራቅሞ ቀይ ዝልግልግ የሚያወጣው ለዚህ ነበር። አሁን ሁለት ደሴት ሆነዋል፤ ከኋላ 5 ኢንች፣ ከጎን መስታወቱን የሚጠርገው ማግኔት የሚያልፍበት 4 ኢንች ክፍተት አላቸው። አሸዋው ስኳር የሚመስለው ደቃቅ ዓይነት ስለነበር ፓምፖቹ ሲበረቱ ይነሳ ነበር፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር በሆነው ተተካ።

ፍሰቱን የፈተኑበት መንገድ ማንም ቤቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ዶሮ ሲጠበስ መረቅ በሚፈስበት ትልቅ መጭመቂያ (ተርኪ ባስተር) እያንዳንዱን ድንጋይ እየነፉ ቆሻሻው የት እንደሚያርፍ ተመለከቱ። ወደ መፍሰሻው ካልደረሰና አንድ ጥግ ከተከማቸ፣ የፓምፑን አቅጣጫ ጥቂት አዙረው ደግመው ነፉ። አራት ጊዜ ያህል ደጋግመውታል። የመመለሻው አፍም ሽቅብ ዞሮ የውሃውን ገጽ ያርገበግባል፤ ሌሊት ኦክስጅን ስለሚቀንስ ያ መርገብገብ ለዓሦቹ ሕይወት ነው።

ማጣበቁ ንጹሕ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ሙጫ ገጣጥመው አይተው፣ ከዚያ ፕራይመር (ቧንቧውን ለሙጫ የሚያዘጋጅ ፈሳሽ)፣ ከዚያ ሙጫ፣ ከዚያ 24 ሰዓት። ጨው ከመግባቱ በፊት ገንዳው በንጹሕ ውሃ ለሁለት ቀን ተፈትኗል።

የማይሠሩትንም በግልጽ ይናገራሉ። ቴምፐር የሆነ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት አይበሱም፤ መሰርሰሪያው እንደነካው ሙሉ በሙሉ ይፈረካከሳልና። የብዙ ገንዳዎች ወለል እንዲህ ነው፤ ስለዚህ አምራቹን ሳይጠይቁ መሰርሰሪያ አያነሱም። የኤሌክትሪክ መስመርም አይዘረጉም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን የጂኤፍሲአይ ሶኬት (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ) እንዲያስገባ፣ ሁለቱ የማዕበል ፓምፖች በተለያየ ብሬከር ላይ እንዲሆኑ፣ አንዱ ደግሞ ባትሪ እንዲኖረው ጽፈው ሰጥተውናል። ገመዶቹን ሁሉ ከሶኬቱ በታች ጎንበስ አድርገው አስረዋቸዋል፤ ውሃ ቢንጠባጠብ መሬት ላይ እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ከሄዱ በኋላ የቀረልን ሥራ ትንሽ ነው። በየሦስት ወሩ ፓምፖቹን አውጥቶ እኩል ውሃና አቼቶ በተቀላቀለበት ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በጥርስ ብሩሽ ማሸትና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ። ኖራ የያዘ ፓምፕ መዞሩን ሳያቆም ፍሰቱ ይደክማል፤ ኮራሉ ፖሊፑን (እንደ አበባ የሚከፈተውን ለስላሳ አካሉን) መዘርጋት ሲያቆም ብዙ ሰው ወደ መድኃኒት ይሮጣል፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ፓምፑ ነው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ፈቅደውልናል። ስትደውሉላቸው የገንዳውንና የሳምፑን ልክ፣ ከሳምፑ ወለል እስከ ገንዳው አፍ ያለውን ከፍታ፣ የኮራሎቹን ዓይነትና ገንዳው የቆመበትን ወለል ይዛችሁ ደውሉ። በ120 ጋሎን ገንዳ ውስጥ ውሃው ብቻ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን ስለ ወለሉ መጠየቃቸው አይቀርም። የሚገዙ ዕቃዎችን ዝርዝር ጽፈው ይሰጧችኋል፤ ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ እሳቸው የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ይቀበላሉ።

ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን።