«ሜዲካል ፍራሽ» ሲሏችሁ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አውጡት

ከመርካቶ እስከ ፒያሳ፣ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ ድረስ አዲስ ፍራሽ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። የሚያብረቀርቅ ጨርቅ የለበሰ፣ ጥግ ላይ «ኦርቶፔዲክ» ወይም «ሜዲካል» የሚል የተሰፋበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ፍራሽ «ከፋብሪካ ዋጋ በታች» እየተባለ ይቀርብላችኋል። ሻጩ ሁሉ አጭበርባሪ ነው አንልም። ግን «ሜዲካል» የሚለው ቃል ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም። ብዙ ጊዜ «ጠንከር ያለ ነው» ለማለት ብቻ ነው የሚጠቀሙበት።

የከፋው ማጭበርበር እንዲህ ይሠራል። ከሶፋ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ፍራሽ የወጣ ስፖንጅ በማስቲሽ እየተያያዘ የፍራሹ መሐል ይሆናል። ከላይና ከታች ሁለት ሁለት ሳንቲም አዲስ ስፖንጅ ይለጠፍበትና አዲስ ጨርቅ አልብሰው ዳር ዳሩን ይሰፉታል። ዚፕ አይደረግለትም። ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ጫን ስታደርጉት የምትነኩት ያችን ሁለት ሳንቲም ነው። ጥቂት ወራት ሲተኛበት ማስቲሹ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ቁርጥራጮቹ ይላቀቃሉ፣ ወገብ የሚያርፍበት ቦታ ይሰረጉዳል፣ ጎን ላይ ደግሞ ጉብታ ይወጣል። ስፖንጁ ሰው ከተኛበት ፍራሽ የመጣ ከሆነ ትኋኑም አብሮ ሊገባ ይችላል፤ ያ ደግሞ ከፍራሹ በላይ የሚያስለቅስ ጣጣ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ረቀቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። ስፖንጁ አዲስ ነው፣ አንድ ወጥም ነው፤ ግን ሳሳ ያለ ነው። የስፖንጅ ጥራት ዋናው መለኪያ ዴንሲቲ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ዴንሲቲና ጥንካሬ ግን ለየቅል ናቸው። ፋብሪካ በቅመሙ ብቻ 18 ዴንሲቲ ያለውን ስፖንጅ እንደ እንጨት ሊያጠነክረው፣ 35ቱን ደግሞ ሊያለሰልሰው ይችላል። ስለዚህ «ተጫነው፣ እየው እንዴት ጠንካራ እንደሆነ!» የሚለው የሻጭ ግብዣ ምንም አያረጋግጥም። ሳሳ ያለው ስፖንጅ ውስጡ አየር ይበዛዋል፣ የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ቀጭን ነው፤ በየሌሊቱ ክብደት ሲያርፍበት ግድግዳው ይታጠፋል፣ ይሰበራል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። በእኛ አስተያየት ለየዕለት መኝታ ከ25 በታች መግዛት ብር መጣል ነው። ባልና ሚስት ለሚተኙበት ወይም ከ80 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ከ30 በታች አትውረዱ።

ሻጩ «30 ነው» ቢላችሁ እንዴት ታውቃላችሁ? በመመዘን። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ተቀምጠው ሰው የሚመዝኑትን ልጆች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱን ጠርታችሁ ሱቁ በር ላይ ሚዛኑን ጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጥላችሁ። መጀመሪያ ብቻችሁን ቁሙ፤ ቀጥሎ ፍራሹን አቅፋችሁ፣ መሬት ሳይነካ ቁሙ። ልዩነቱ የፍራሹ ክብደት ነው። የልጁ ሚዛን ግማሽ ኪሎ ቢዛባም ለዚህ ሥራ ይበቃል። እዚህ ላይ ሻጩ ፊቱ ከተለዋወጠ ሚዛኑን ሳታዩ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ስፋት በርዝመት በውፍረት፣ ሁሉም በሜትር፣ ከዚያ በዴንሲቲው ማባዛት። ሜትር ከሃያ ስፋት፣ ሜትር ከዘጠና ርዝመት፣ 20 ሳንቲም ውፍረት ያለው ፍራሽ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። በ25 ዴንሲቲ ስፖንጁ ብቻ 11.4 ኪሎ፣ በ30 ደግሞ 13.7 ኪሎ ይመዝናል። በ18 ከሆነ 8.2 ብቻ ነው። ሜትር ከሃምሳው በተመሳሳይ ርዝመትና ውፍረት በ25 ወደ 14 ኪሎ፣ በ30 ወደ 17 ኪሎ መሆን አለበት። ለጨርቁና ለስፌቱ እንደ ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ጨምሩ። «30 ነው» የተባለ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ከነጨርቁ 10 ኪሎ ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው።

ከመጠን በላይ ከበደ ብላችሁም ደስ አይበላችሁ። ያው ሜትር ከሃያ ከ20 ኪሎ በላይ ከመዘነ ብዙ ጊዜ ውስጡ ወይ ተፈጭቶ የተጨመቀ ፍርፋሪ ነው፣ ወይ ስፖንጁ ሲመረት ኖራ መሳይ ዱቄት ተጨምሮበታል። ዱቄቱ ሚዛን ያነሳል እንጂ ሰው አይሸከምም፤ ስፖንጁን ተሰባሪ ያደርገዋል። የተጨመቀው ፍርፋሪ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጠንካራ መኝታ ለሚወድ ከሥር ሆኖ ከላዩ ደህና ስፖንጅ ቢነጠፍበት ያገለግላል። ጥፋቱ «አንድ ወጥ ስፖንጅ» ብሎ በዚያው ዋጋ መሸጡ ነው።

ለዚህ ነው ጥጉን አስፈትቶ ማየት የሚያስፈልገው። ዚፕ ካለው ክፈቱት። ከሌለው አንድ ጣት ተኩል የሚሆን ስፌት እንዲፈቱላችሁ ጠይቁ፤ መልሶ መስፋት የደቂቃ ሥራ ነው። በቀዳዳው የምታዩት እንደ ሞዛይክ ወለል የተዘባረቀ ቀለም ከሆነ ፍርፋሪ ነው። ስፖንጁን በጥፍራችሁ ፈግፈግ አድርጉት፤ ነጭ ብናኝ ጣታችሁ ላይ ከቀረ ዱቄት አለበት። የስፖንጁ ቀለም ራሱ፣ ሮዝም ይሁን ሰማያዊ፣ ማቅለሚያ ብቻ ነው። ነጭ ስፖንጅ ቢጫ ስላለም አሮጌ ነው አትበሉ፤ ብርሃን ያገኘ ስፖንጅ በቶሎ ቢጫ ይላል።

ስፌቱን አንፈታም ካሉ በመዳፍ ፈትሹት። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ በየስንዝሩ እኩል እየተጫናችሁ እስከ ሌላው ጫፍ ሂዱ። አንድ ቦታ ለስለስ፣ ቀጥሎ ደረቅ ካለ፣ ወይም ከሥር እንደ ገመድ ቀጥ ያለ መስመር እጃችሁን ከነካው፣ የማስቲሽ መጋጠሚያ ነው። ስትጫኑት ካፍ ካፍ የሚል ድምፅም ያው የደረቀ ማስቲሽ ነው፤ የፕላስቲኩ ድምፅ እንዳያምታታችሁ ግን ፕላስቲኩን ቀድማችሁ ግለጡት።

ሜትር ያዙ። «20 ሳንቲም» የሚሉት አንዳንዱ 18 ነው፤ ሁለት ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች እንጂ ከስፖንጁ አንድ አሥረኛው ነው። የምትለኩት በጎኑ፣ ከላይኛው ስፌት እስከ ታችኛው ስፌት ነው እንጂ መሐል ላይ የተነፋውን አይደለም። የአልጋችሁንም የውስጥ ስፋት በራስጌም በግርጌም ለክታችሁ ሂዱ። አናጢ የሠራው «ሜትር ከሃያ» አልጋ አንዳንዴ ሜትር ከሃያ የሚሆነው ከውጭ ሲለካ ነው፤ ፍራሹ ተጨናንቆ ይገባና መሐሉ ይነሳል፣ ከዚያ ጥፋቱ በፍራሹ ይላከካል። ርብራቡም ቢሆን በጣውላና በጣውላ መሐል ከሰባት ስምንት ሳንቲም በላይ ክፍተት ካለው ጥሩውንም ስፖንጅ ይበላዋል።

ሞላ ያለው ፍራሽ ከሆነ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ክብደት ብዙ አይነግራችሁም። ሞላውንና ስፖንጁን የሚለየው ወፍራም ምንጣፍ መሰል ንጣፍ መኖሩን ጠይቁ፤ እሱ ከሌለ ሞላው ስፖንጁን እየበላ ወጥቶ ጎናችሁን ይወጋል። ጠርዙ ላይ ቁጭ በሉ፤ ተንሸራታችሁ ልትወድቁ ከደረሳችሁ የዳር ድጋፍ የለውም። ገና ከአዲስነቱ ሲጢጥ የሚል ከሆነ እያደር ይብሳል እንጂ አይሻለውም።

ምቾትን በተመለከተ ሱቅ ውስጥ መተኛት ያሳፍራል የሚባለውን ተዉት። ጫማ አውልቃችሁ ቤት በምትተኙበት አኳኋን አሥር ደቂቃ ተኙ። በጀርባ ስትተኙ እጃችሁ በወገባችሁ ሥር እንደ ልብ ከተመላለሰ ፍራሹ ደርቆባችኋል፤ ጭራሽ አልገባ ካለ ለስልሶባችኋል። በጎን የሚተኛ ሰው ትከሻው ትንሽ ሊሰምጥለት ይገባል። ጣት ሲጫኑት ቅርጹን ይዞ የሚቆየው «ሜሞሪ» ስፖንጅ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፤ ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በመሣሪያ ካልሞቀ ክፍል ጋር አይስማማም። በቀን ሱቅ ውስጥ የሞከራችሁትን ሌሊት አታገኙትም።

አሁን ወደ ብሩ። በቴሌግራም ፎቶ አይታችሁ፣ ሱቅ የሌለው ሰው «ቀብድ በቴሌብር ላኩ፣ ዕቃው ቤታችሁ ይመጣል» ካላችሁ ተዉት። ሱቅ ያለውም ቢሆን ያያችሁትን ትቶ «ከመጋዘን አዲሱን እናወጣላችኋለን» ሊል ይችላል፤ የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው። የፈተሻችሁትን ራሱን ውሰዱ። ካልሆነ ቀሪውን ብር የመጣውን ፍራሽ ለክታችሁና መዝናችሁ፣ ተሸካሚው ሳይሄድ ክፈሉ። በክረምት ደግሞ ሚኒባስ ጣራ ላይ ከመጫኑ በፊት ፕላስቲኩ ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፤ ውኃ የጠጣ ስፖንጅ ላዩ ደርቆ መሐሉ ይሻግታል።

«ያለ ደረሰኝ ከሆነ እንቀንስላችኋለን» ሲሏችሁ የሚቀነሰው 15 በመቶ ቫቱ ብቻ አይደለም፤ ማስረጃችሁም አብሮ ይሄዳል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ተቀበሉ፤ እሱ ላይ «ፍራሽ» ብቻ ከወጣ መጠኑን፣ ውፍረቱንና ዴንሲቲውን በተጨማሪ ወረቀት ጽፈው ማኅተም ያድርጉላችሁ። «የ10 ዓመት ዋስትና» የሚሉትም በቃል ከሆነ አይቁጠሩት። ስንት ሳንቲም ሲሰረጉድ እንደሚለውጡላችሁ ይጻፍ። መሰርጎዱ የሚለካው ሰው ሳይተኛበት ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሮ፣ ከሲባጎው እስከ ፍራሹ ያለውን በማስመሪያ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ፕላስቲኩን ገፍፋችሁ የምትተኙበት የገዛችሁ ዕለት ይሁን እንጂ ለበዓል ብላችሁ ጥግ አታቁሙት። በእነዚያ 15 ቀናት ንጹሕ አንሶላ አንጥፉበት፤ የቆሸሸ ፍራሽ ለሻጩ ሰበብ ይሆነዋል። ጉድለት ካያችሁ ሲባጎውን ወጥራችሁ ከነማስመሪያው ፎቶ አንሱ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ እምቢ ካሉ ደረሰኙን ይዛችሁ ሱቁ ወዳለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።