የሰፈራችን እድር፦ መዋጮው፣ ድንኳኑና የማይጠየቀው ጥያቄ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ አንድ እድር አባል ነኝ። አዲስ የገባችሁ ጎረቤቶች «ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?» ስትሉ ስለምሰማ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብያለሁ። መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ተመዝገቡ። ምክንያቴ ግን ድንኳንና ወንበር ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ዋጋው። መመዝገቢያ 2,000 ብር፣ ወርሃዊ መዋጮ 100 ብር ነው። በወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጠዋት ይሰበሰባል፤ አሁን በቴሌብርም ይቀበላሉ። ያልከፈለ ይቀጣል፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀብር የቀረም ይቀጣል። ሐዘን ሲደርስባችሁ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና አግዳሚ ይደረደራል፣ ከዕቃ ቤት ድስት፣ ትሪ፣ ጆግ፣ ቴርሞስ፣ ብርጭቆ ይወጣል። የቀብር ማስፈጸሚያውም ገንዘብ በዚያው ቀን እጃችሁ ይገባል። ነገ ኑ፣ ፈራሚው የሉም ምናምን የሚባል ነገር የለም። ጥሩምባው ቀርቶ መርዶ አሁን በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚነገረው፣ ለሽማግሌዎቹ ግን በራቸው ይንኳኳል።

ዕቃ ቤቱን ሳላመሰግን አላልፍም። ለሙስሊም ቤተሰብ የሚወጡት ድስቶችና ጭልፋዎች እጀታቸው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የሚቀመጡትም ለብቻ በሌላ መደርደሪያ ነው። ተቀላቅለው ከተገኙ የሚጠየቀው ንብረት ክፍሉ ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ሳይጠራጠር እንዲበላ ታስቦ የተሠራ ሥራ ነው። አንድነት ሲባል የኔን ልተው ነው እንዴ ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ ይሄን መደርደሪያ ባሳየው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፣ ጎረቤትህን መርጠህ አትገባም። እኛ ብሎክ ላይ የብልጽግና አባል አለ፣ የኢዜማ ደጋፊ አለ፣ ባልደራስን የመረጠ አለ፣ የኦፌኮ ሰው አለ፣ ሁሉንም የሚረግምም አለ። በቡና ሰዓት ክርክሩ አይጣል ነው። የ2013ቱ ምርጫ ሲቃረብ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «እጩ እናስተዋውቅ» የሚል ጥያቄ መጣ፤ ከገዥው ፓርቲም ከተቃዋሚም በኩል። ዳኛችን መነጽራቸውን አድርገው መተዳደሪያ ደንቡን አወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። በእድሩ ስም፣ በእድሩ ስብሰባና በእድሩ ድንኳን ውስጥ የፖለቲካ ቅስቀሳ ክልክል ነው። «የማንም ይሁን» አሉና ደንቡን አጥፈው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄዱ። የተከራከራቸው የለም።

ልብ በሉ፣ ፓርቲ አይኑር አላሉም። ሰው በየቤቱ የፈለገውን ይደግፍ፣ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ የፈለገውን ይምረጥ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አገልግሎት የሚሰጠው ሰው ከወንበሩ ማዶ ሆኖ «ይሄ የማን ወገን ነው?» ብሎ ማሰብ ሲጀምር ነው። ይሄን ጥያቄ ያልቀመሰ ትውልድ የለንም። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ሲይዙ እንኳን ሰው በየሰፈሩ የተለያየ ሐሳብ ነበረው፤ ወንበሩ ሁሉ የአንድ ወገን መሆኑ ግን አንድ አላደረገንም።

ሽማግሌ አባላችን አንዱ ስለዚህ ሲነሳ ዝም ማለት አይችሉም። ወንድማቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ኢሕአፓ ነህ ተብሎ ነው የተገደለው። ቤተሰቡ ድንኳን መትከል ቀርቶ ጮክ ብሎ ማልቀስ አልተፈቀደለትም፣ እናታቸው በር ዘግተው ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው ነው ያለቀሱት። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ይሄ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ኢሕአፓና መኢሶን ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ፣ ሁለቱም ለጭቁኑ ሕዝብ ቆመናል የሚሉ ነበሩ። እርስ በርስ ተባሉ፣ ከደርግ ጋር የሠራው መኢሶንም ብዙ ሳይቆይ ተራው ደረሰውና ተመታ። የእኚህ ሽማግሌ ሰፈር እድር ያኔ ድንኳን ነበረው፣ ወንበር ነበረው። መትከል ነው ያልቻለው።

እኔን ግን ከምንም በላይ ከዚህ እድር ጋር ያሰረኝ በታኅሣሥ 2015 ያየሁት ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ትግራይ ስልክ ተቋርጦ ሰው የወላጁን መኖርና መሞት ሳያውቅ የከረመበት ጊዜ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ስልኩ ሲመለስ ደስታም መርዶም አብረው መጡ። አንዲት ጎረቤታችን እናቷ መቀሌ ካረፉ ከዓመት በላይ እንደሆናቸው የሰማችው ያኔ ነው። ደንባችን ደግሞ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ካልተነገረ ክፍያ የለም ይላል። አንድ አባል ይሄንኑ አነሳ፤ በክፋት አልነበረም፣ ደንብ ደንብ ነው የሚል ሰው ነው። ኮሚቴው በዚያው ማታ ተሰብስቦ ቀኑ የሚቆጠረው መርዶው ከተሰማበት ነው ብሎ ወሰነ፤ ለሁሉም አባል እንዲሠራ አድርጎም በቃለ ጉባኤ አሰፈረው። እኔ በጣም ያከበርኩት ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ነው። ለእሷ ብቻ በልዩ አስተያየት ቢሉ ኖሮ ውለታ ይሆንባት ነበር። ደንብ ሲሆን ግን መብቷ ሆነ፣ ማንንም አንገት ደፍታ ማመስገን አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ፣ ልጁ የመከላከያ አባል ሆኖ በዚያው ጦርነት የሞተበት አባት ነው። ካስማውን ሲመታ ገመዱን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቃል አልተናገረም። ገመዱን ወጥሮ አሰረ፣ ወንበር ደረደረ፣ እጁን ታጠበና ገብቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። እሷ ስታየው ተነስታ አቀፈችው፣ ሁለቱም አለቀሱ። ጦርነቱን ማን ጀመረው በሚለው ዛሬም አይስማሙም፤ ድንኳኑም እንዲስማሙ አልጠየቃቸውም። ሁለቱም ወር በወር መቶ መቶ ብር ይከፍላሉ፣ ሁለቱም እኩል ይለቀስላቸዋል። አገር ከዚህ የበለጠ ምን እንዲሰጠኝ እንደምፈልግ እኔ አላውቅም፤ ይሄን ያህሉንም ገና አልሰጠችንም።

አሁን ደግሞ ቅሬታዎቼ። ድንኳኑ አርጅቷል፤ ክረምት ላይ በስፌቱ ውኃ ያስገባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ይረጥባል። ከፕላስቲክ ወንበሮቹ እግራቸው የተሰነጠቀ አለ፤ ሳትቀመጡ ፈትሹ። የገንዘብ ሪፖርት በዓመት አንዴ መቅረቡ አይበቃም፤ በየሩብ ዓመቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሐሜቱም ይቀንሳል።

እነዚህ በብር ይስተካከላሉ። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቤቱ በባል ስም ከሆነ ሚስት ድምፅ የላትም። ሽንኩርቱን የምትከትፈው፣ ንፍሮውን የምትቀቅለው፣ ሦስት ቀን እግሯ እስኪያብጥ የምትቆመው እሷ ናት፤ ጉባኤ ላይ እጅ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ተከራይ ደግሞ ጭራሽ አባል መሆን አይችልም። እኛ ብሎክ ከሚኖረው ብዙው ተከራይ ነው፣ ቀብር ይሄዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሬሳ ይሸከማል። ባለፈው ዓመት አንድ ተከራይ ሕፃን ልጁ ሲሞትበት ድንኳኑ ከዕቃ ቤት አልወጣም። ጎረቤት ተሯሩጦ ሸራ ወጠረለት። ፓርቲ አንጠይቅም ብለን የምንኮራ ሰዎች ካርታ መጠየቃችን ያሳፍራል፣ ይሄን ጉባኤ ላይም ተነስቼ ብያለሁ።

ደግነቱ ነገሩ ተከፍቷል። ተከራዮች በሁለት ዋስ፣ ሚስቶች ደግሞ በራሳቸው ስም እንዲመዘገቡ የሚል ማሻሻያ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል፤ ለማለፍ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለቤት የሆናችሁ ከጉባኤው በፊት ተመዝገቡ፣ መታወቂያ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና የቤተሰብ ስም ዝርዝር ይበቃል። ቀኑን ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ፤ መጥታችሁ እጃችሁን አውጡ።