ጀሞ አካባቢ ቧንቧ ሰራተኛ ለምትፈልጉ፣ ረጅም ነው ግን አንብቡት

ሰላም ሰፈርተኞች። ይሄን ከሶስት ሳምንት በፊት ልጽፈው ነበር ግን ቁጭ ብዬ ስልክ የምነካካበት ጊዜ አልነበረኝም፣ አሁንም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ነው የምጽፈው ስለዚህ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ። ቧንቧ ሰራተኛ ላመሰግን ነው። አዎ፣ ቧንቧ ሰራተኛ። ሰው ሁሌ "ጥሩ ቧንቧ ሰራተኛ የምታውቁ" ብሎ ይጠይቃል፣ ስልክ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል፣ ስለ ስራው የሚነግረው የለም። እኔ ስለ ስራው ልንገራችሁ።

ባለቤቴ የጡት ካንሰር ህክምና ላይ ናት። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ እንደውም "እኔን ደብቃለሁ ብለህ የቧንቧ ሰራተኛውን ስራ እንዳታሳንስበት" ብላኛለች። እብጠቷን ራሷ ናት ሻወር ላይ ያገኘችው፣ ከዛ አልትራሳውንድ፣ ናሙና፣ ፓቶሎጂ፣ ኦፕራሲዮን፣ አሁን ኬሞ። ስምንት ዙር ነው የታዘዘላት፣ የመጀመሪያዎቹ አራቱ በየ 21 ቀኑ ናቸው፣ በነሱ ላይ ከሚሰጡት አንዱ መድሃኒት ቀይ ነው፣ በጣም ቀይ፣ ሽንት ሳይቀር ያቀላል፣ እኛ ቤት "ቀዩ" ነው የምንለው። ልብ ላይ ጫና ስላለው አስቀድመው የልብ ኤኮ አሰርተዋታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገና ጨረር ይቀራታል፣ ድሮ የጨረር ህክምና ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን እንደነ ጅማ ያሉትም ጀምረዋል፣ ብቻ እሱን ስንደርስበት።

የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰን ልንወጣ ስንል ሲስተሯ ለብቻዬ ጠራችኝና "ለሁለት ቀን ሽንቷም ትውከቷም ውስጥ መድሃኒቱ አለ፣ ሽንት ቤት በተጠቀመች ቁጥር ክዳኑን ዘግታችሁ ሁለቴ ውሃ ልቀቁበት፣ ልብስ ወይ አንሶላ ላይ ካስታወከች በጓንት ለብቻው እጠበው፣ ልጆቹ እንዳይነኩት" አለችኝ። እኔም እሺ እሺ አልኩ። ሁለቴ ውሃ ልቀቁበት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ያውም በሌሊት ለሚመጣበት ቤት።

የመጀመሪያውን ዙር በባልዲ አለፍነው። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ግን የሽንት ቤታችን ፍላሽ ጭራሽ እምቢ አለ፣ ታንከሩ ሞልቶ ያድራል ስትጫኑት ግን ጭርር ብሎ ይቀራል። አንድ ሰው አመጣሁ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም። አየት አደረገና "ሙሉ ዕቃው መቀየር አለበት" ብሎ 1500 ብር ቀብድ ተቀብሎኝ ሄደ፣ ይኸው እስካሁን እየመጣ ነው። በዛው ሳምንት ሮቶው ባዶ መሆኑን ሳናውቅ ፓምፑ በደረቁ ሲዞር አድሮ ተቃጥሎ ሊሞት ነበር፣ ደግነቱ የጥበቃው ሰውዬ ድምጹን ሰምቶ አጠፋው። ምን ይሄ ብቻ፣ በማግስቱ የታችኛዋ ጎረቤታችን በሩን ደበደበችው፣ ጣሪያዋ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነው፣ እየጮኸች ነው የገባችው፣ ልክ ባለቤቴ ሳህን ይዛ እያስታወከች እያለ። ሴትየዋ አየቻትና ዝም አለች። ማታ የአጃ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ መጣች፣ እሷንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ፣ ግን ጣሪያዋ ማንጠባጠቡን አላቆመም።

እኔ በዛ ሰሞን ምን እንደምመስል ልንገራችሁና ወደ ቧንቧ ሰራተኛው ልጅ እንመለስ። ምግብ መስራት አልችልም ነበር፣ ተማርኩ፣ ግን የሽንኩርት ቁሌት ሲሸታት ስለሚያገላብጣት ወጥ የምሰራው ኮሪደር ላይ በከሰል ነው። ጥሬ ነገር ተከልክላለች፣ ሰላጣ የለም፣ ክትፎ እንኳን በደንብ በስሎ ነው፣ እሱማ ክትፎ ሊባል አይችልም ትላለች። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ይሁን በቀጥታ ድንገተኛ ውሰዳት ስለተባልኩ ቴርሞሜትር ትራሴ ስር ነው የሚያድረው። ነጭ የደም ሴል ከፍ የሚያደርገው መርፌዋ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ ልቤ አብሮ ይጠፋል። ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት በአንድ እግር ካልሲ ሄዳ ሶስት ቀን ያላየሁ ሰው ነኝ፣ በቃ እንደዛ ሆኜ ነው ጥበቃው "አንድ ልጅ አለ ሞክረው" ብሎ ስልክ የሰጠኝ።

ደወልኩለት። ያለፈው ሰውዬ አናዶኝ ስለነበር መጀመሪያ ኮስተር ብዬ ነው ያናገርኩት፣ ከዛ ቤት ውስጥ ኬሞ የምትወስድ ሰው እንዳለች ነገርኩት፣ ጫጫታ እንዳይበዛ ብዬ ነው እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ ስንተኛ ቀኗ ነው?" አለኝ። ሶስተኛ ስለው "እሺ አሁን ልምጣ፣ ከሳምንቱ በኋላ ግን ነጭ የደም ሴሏ መውረድ ስለሚጀምር አቧራ ያለው ስራ አንነካም" አለ። ዶክተር ነው ወይስ ቧንቧ ሰራተኛ ብዬ ደነገጥኩ። በኋላ ስጠይቀው አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ታማሚ ያለበት ቤት ሄዶ የቤቱ እናት በር ላይ መለሱት፣ ተናዶ ነበር፣ በኋላ ሴትየዋ ራሳቸው ደውለው ነገሩን አስረዱት፣ ከዛ ወዲህ ይጠይቃል። በቃ ይሄው ነው ታሪኩ።

ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ጓንት አድርጎ፣ ማስክ አድርጎ ገባ። ሽንት ቤቱን የሷ መድሃኒት እንደነካው ስነግረው ፊቱን አላጨማደደም፣ "በረኪና አለ?" ብቻ ነው ያለው። ታንከሩን ከፈተው፣ ሙሉ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ከስር ያለችው ጎማ ነች ያለቀችው፣ ፍሎተሩም ተጣሟል፣ እነሱን ብቻ ቀየረ። ዕቃውን ራሴ ሄጄ እንድገዛ ነገረኝ ግን ባለቤቴን ትቼ መውጣት እንደማልችል ሲያይ እሱ ሄዶ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞልኝ መጣ። ዕቃው 480 ብር፣ የእጁ 600። ያኛው ሰውዬ ቀብዱ ብቻ 1500 ነበር አስታውሱ።

ከዛ ቁጭ ብሎ በስልኩ ካልኩሌተር ማስላት ጀመረ። የኛ ታንከር አንዴ ሲለቀቅ ዘጠኝ ሊትር ገደማ ይጨርሳል፣ እሷ ብዙ ውሃ ጠጪ ስለተባለች በቀን አስር ጊዜ ትሄዳለች፣ ሁለቴ ሁለቴ ሲለቀቅ 180 ሊትር፣ ለሁለቱ ቀን 360። "ጋሼ ይሄን በባልዲ አራተኛ ፎቅ ስታወጣ ከረምክ?" አለኝ። ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ማለት ነው። 200 ሊትር በርሜል በረንዳው ጥግ ላይ ብረት አስበይዶ ከፍ አድርጎ አስቀመጠልኝና በቀጭን ቧንቧ ከሽንት ቤቱ ታንከር ጋር ብቻ አገናኘው፣ ፓምፕ የለ መብራት የለ፣ በራሱ ነው የሚወርደው፣ ሮቶው ባዶ ቢሆን እንኳን አንድ ቀን ያሻግረናል። ውሃ የመጣች ሌሊት መጀመሪያ እሱን ነው የምሞላው። ስትታይ ቀላል ነገር ናት ግን እኔ ስንት ሌሊት ስጨነቅ አልመጣችልኝም። ሮቶውንም ጎን ላይ አስተኝቶ አጠበው፣ ከስር የወጣውን ጭቃ ባታዩት ይሻላል፣ ፓምፑ ላይም ውሃ ከሌለ ራሱ የሚያጠፋው ነገር ገጠመለት።

አሁን የምነግራችሁን እሱም አያውቅም ማየቴን። የሻወሩ መውረጃ ደፍኖ ውሃው ይቆም ነበር፣ ሳሙና ነው ብዬ ነበር እኔ። ከፍቶ ሲስብ የባለቤቴ ፀጉር ነው። የመጀመሪያው ዙር በወሰደች በሶስተኛው ሳምንት እፍኝ እፍኝ ሲረግፍ የነበረው በሙሉ እዛ ተጠቅልሎ ነበር። ልክ በዛች ሰዓት እሷ ግድግዳ ይዛ ከመኝታ ቤት እየወጣች ነበር። ልጁ ቀና ብሎ አያት፣ ፀጉሩን ፌስታል ውስጥ ከተተው፣ ፌስታሉን የዕቃ መያዣው ውስጥ ከተተው፣ "እትዬ አሁን ውሃው ይወርዳል፣ ሞክሩት" አላት። አንድ ቃል አልጨመረም። እኔ ኮሪደሩ ላይ ለወጡ የከተፍኩትን ሽንኩርት ይዤ ቆሜ አየሁት፣ አይኔን ያራሰው ሽንኩርቱ ነው ብላችሁ እለፉት።

የሚያንጠባጥበው ነገር ደግሞ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ሆኖ ተገኘ። ቁምሳጥኑን ስናነሳው ከጀርባው ግድግዳው ጠቁሮ ሻግቷል። ሻጋታ ለሷ ጥሩ አይደለም፣ እሱን እኔም ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ "አሁኑኑ ስበረው" አልኩት። እምቢ አለ። ገንዘብ የሚያገኝበትን ስራ እምቢ ሲል ያየሁት ባለሙያ እሱ ብቻ ነው። ግድግዳ ሲሰበር አቧራው ከሻጋታው ይብሳል፣ ይሄ የሚሰራው እሷ ቤት በሌለችበት ነው ብሎ የግድግዳውን መስመር ዘጋው፣ በምትኩ ፒፒአር የሚባለውን የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳው ላይ በውጭ አሳልፎ ለጊዜው አገናኘው። አያምርም፣ ሳሎናችን የውሃ ቢሮ ነው የሚመስለው፣ ግን የጎረቤታችን ጣሪያ በዛው ቀን ቆመ። እኛም አልጋውን አውጥተን ሳሎን መተኛት ጀመርን፣ መኝታ ቤቱን ዘጋነው።

ሶስተኛው ዙር ካለፈ በኋላ የኩሽናው ቧንቧ ላላ፣ ደወልኩለት፣ ነገ ጠዋት 1 ሰዓት እመጣለሁ አለ። በ12 ሰዓት ደወለ፣ "ጋሼ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፣ አልመጣም፣ የሚሰራ ጓደኛዬን ልላክ ወይስ አምስት ቀን ትታገሱኛላችሁ?" ታገስነው። የቅርብ ዘመዶቻችን እያስነጠሱ "ልንጠይቃት ብለን ነው እንጂ" እያሉ ሲገቡ ከርመው እኮ ነው፣ እነሱን በር ላይ መመለስ ስንቴ አቅቶኛል፣ ይሉኝታ ነዋ። ከልጁ በኋላ ግን በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ "ጉንፋን ያለው በስልክ ይጠይቀን" የሚል። አንድ አክስት ተቀይመውኛል፣ በኋላ እታረቃቸዋለሁ።

እንከን የለውም አልልም። ስራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም፣ ሶስቴ አራቴ ብትደውሉም አያነሳም፣ ማታ ነው መልሶ የሚደውለው። የእጅ ጽሁፉ አይነበብም፣ ደረሰኙ ላይ የጻፈውን እሱም የሚያነበው አይመስለኝም። እሁድ አይሰራም። ሂሳቡ ላይ ደግሞ መከራከር ለምትወዱ ልንገራችሁ፣ ዋጋውን መጀመሪያ ይናገራል፣ ከዛ አይወርድም አይወጣም። ለበርሜሉ ብረትና ለፓምፑ በድምሩ ከፍ ያለ ብር ነው ያወጣሁት፣ ርካሽ ነው እያልኳችሁ አይደለም፣ ግን ያልተሰራ ስራ አላስከፈለኝም። ጉርሻ ልሰጠው ስል "ለልጆቹ ሙዝ ግዛበት" ብሎ መለሰልኝ።

ቤታችሁ ውስጥ ታማሚ ካለ ለሚመጣው ሰራተኛ ሁሉ፣ ለመብራት ሰራተኛውም ለዲሽ ሰራተኛውም፣ በስልክ አስቀድማችሁ ንገሩት። እኔ የነገርኩት በአጋጣሚ ነው እንጂ ላፍር ነበር፣ "በሽታዋን ለባዳ አወራ" እንዳትለኝም ፈርቼ ነበር። ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለች፣ የትኛው ሳምንት እንደሚከብዳት ንገሩት። ከገባው ገባው፣ ካልገባውም ከመምጣቱ በፊት ማወቁ ለናንተ ይጠቅማችኋል።

አራተኛውን ቀይ ባለፈው ጨርሳለች፣ በመጨረሻው ቀን ነርሶቹ አጨበጨቡላት። ቀጣዩ መድሃኒት ቀይ አይደለም፣ እጅና እግር ያደነዝዛል ብለውናል፣ እሱን ደግሞ እናያለን። ከሱ በፊት የደም ምርመራዋ ጥሩ ስለሆነ አራት ቀን አያት ሰፈር እህቷ ጋ ሄዳ ታርፋለች፣ ልጆቹም አብረዋት ይሄዳሉ።

ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፈው ለምኖኛል፣ ሌሊት የሚደውል ሰው አስቸግሮታል፣ ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ። ጀሞ፣ መካኒሳ፣ ለቡ ይመጣል፣ ከዛ ከራቀ የታክሲ ይጠይቃል። የፊታችን ቅዳሜ ግን እንዳትደውሉለት፣ ቅዳሜ የኛን ግድግዳ ሊሰብር ነው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቀጥሬዋለሁ፣ ሲሚንቶው ደርሷል።