ቀለበቱ የከረረ ባይኖኩላር፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተደረገ ግምገማ

ሐዋሳ ከሚገኝ አንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት ባለ 8 በ42 ባይኖኩላር (በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ መነጽር) በምስል ጥራቱ ከተከፈለበት ዋጋ በላይ ነው። ይሁን እንጂ በቀኝ ዓይን ማያው ላይ ያለው የማስተካከያ ቀለበት እጅግ የከረረ በመሆኑ፣ ዕቃው ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን የሚወስነው ሌንሱ ሳይሆን ይኸው ቀለበት ነው።

ስለ ሌንሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። 8 የሚያቀርብበት እጥፍ፣ 42 የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 42 ለ8 ሲካፈል ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 5.25 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ ማለዳ ብርሃኑ ገና ሳይበረታ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ለሚደርስ ሰው ይበቃል። የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቅርብ ስለሚቆሙ መሣሪያውን አይፈትኑትም። ደንገል ላይ ያረፈች ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ግን ትፈትነዋለች፤ እርሷንም በሚገባ አሳይቶኛል።

ቀለበቱ የተሠራው የሁለቱን ዓይኖች የእይታ ልዩነት ለማቻቻል ነው። በመጀመሪያ የቀኙ ሌንስ ተሸፍኖ፣ በግራ ዓይን ብቻ እየታየ፣ የመሃሉ ፎከስ (ምስሉን የሚያጠራው መዘውር) ይስተካከላል፤ ቀጥሎ ግራው ተሸፍኖ፣ የመሃሉ ሳይነካ፣ ቀኙ በቀለበቱ ይጠራል። ታንኳ ላይ የተጻፈ ቁጥር ለዚህ ጥሩ ዒላማ ነው። የእኔው መሣሪያ ቀለበት ግን በሁለት ጣት አይነቃነቅም፤ ጠበቅ ተደርጎ ሲያዝ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ እምቢ ብሎ ድንገት ይለቅና ትክክለኛውን ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ ሲመልሱትም በሌላው በኩል ያልፋል።

መንስኤውን ሳይከፍቱ መለየት ይቻላል። ማለዳ ከሮ ቀን ሙቀት ሲያገኝ የሚላላ ከሆነ፣ በጥርሱ ውስጥ ያለው ግራሶ ወፍሯል ማለት ነው። ሲዞር የአሸዋ መፋጨት የሚሰማ ከሆነ አቧራ ገብቶበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ወድቆ ጠርዙ መጣመሙ ያጠራጥራል። የእኔው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ስለዚህ በሸሚዝ ሥር አቆይቶ ማሞቅና ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ደጋግሞ ማዞር አሻሽሎታል። ለመጨበጥ በቀለበቱ ዙሪያ የተጠመጠመ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ ከማንኛውም መሣሪያ ይሻላል፤ ፒንሳ ግን ፈጽሞ መቅረብ የለበትም።

አጥብቄ የምቃወመው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ የማድረግን ልማድ ነው። ቀለበቱ ለጊዜው ይላላል፤ ቀጭኑ ዘይት ግን እየሰረገ ወደ ሌንሱ ውስጠኛ ገጽ ሊደርስና በጨርቅ የማይደረስበት ጭጋግ ሊተው ይችላል። ናይትሮጅን ተሞልቶ የታሸገውን መሣሪያ መፍታትም እንዲሁ ጉዳት አለው፤ ጋዙ ከወጣና ማሸጊያው ከተዛባ እርጥበት ይገባበታል። በሐይቅ ዳር ለሚውል ዕቃ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መሣሪያውን የሚጠቀምበት አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ክረቱ ጉድለት አይባልም፤ እንዲያውም አንዴ የተስተካከለው ቀለበት በቦርሳ ውስጥ ሲታሽ ከቦታው ስለማይለቅ፣ ከላላው እርሱን እመርጣለሁ። አንዱን መሣሪያ ለእንግዶች በየተራ የሚያቀብል አስጎብኚ ግን ባይገዛው ይሻላል፤ እያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ዓይን ሲያስተካክል ወፏ ትበራለች፣ ብዙዎችም ከቀለበቱ ጋር ከመታገል ይልቅ የደበዘዘውን ምስል ተቀብለው ይመልሱታል። ሊገዛ የሚሄድ ሰው ከመክፈሉ በፊት ከሱቁ በር ወጥቶ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ላይ ያነጣጥር፤ ቀለበቱንም በሁለት ጣት ብቻ ከዳር እስከ ዳር ያዙረው፤ ሻጩ «ሲሠራበት ይላላል» ቢለው እንኳ ሌላ አስወጥቶ ያወዳድር።