ሶኒ አርኤክስ100፦ ማርክ 3 ወይስ ማርክ 7? ከዘጠኝ ወር በኋላ

ግንቦት ላይ ነው የገዛሁት። አሁን የካቲት ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከኪሴ አልተለየም። ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 3 ይባላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 የወጣ፣ ያገለገለ ካሜራ። ካሜራውን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ማርክ 7 እያለ ለምን ማርክ 3?"

ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም ስገዛ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካሜራው ይሻላል ብዬ ነበር የማስበው፤ ማርክ 3ን የወሰድኩት ገንዘቤ ለዛ ብቻ ስለበቃ ነው። ዛሬ ገንዘቡን ብትሰጡኝ ግን ዝም ብዬ ማርክ 7 አልገዛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው አርኤክስ100 በ2012 ወጣ፣ ሰባተኛው በ2019። ሁሉም 1 ኢንች ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አላቸው፣ ሁሉም 20 ሜጋፒክስል ናቸው። ዋናው ልዩነት ሌንሱ ላይ ነው። ማርክ 1 እና 2 ከ28 እስከ 100 ሚሊሜትር ያነሳሉ (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል)። ከ3 እስከ 5 ያሉት ከ24 እስከ 70 ናቸው፤ ዙማቸው አጭር ነው፣ ግን ኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ስለሆኑ ብርሃን በደንብ ያስገባሉ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። 6 እና 7 ደግሞ እስከ 200 ይደርሳሉ፤ ለዚህ ሲባል ሌንሱ ከኤፍ 2.8 ይጀምርና ዙም ሲደረግ እስከ 4.5 ይሄዳል፣ ብርሃን ያንሰዋል። ስለዚህ 6ኛው "የተሻሻለ 5ኛ" አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ካሜራ ነው።

ይሄን በወረቀት ሳነበው ብዙም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ታናሽ ወንድሜ ከሜሪላንድ ለገና እና ለጥምቀት ማርክ 7 ይዞ ሲመጣ ነው።

የገና ዋዜማ አያቴ ቤት ነበርን። ሳሎኑ ውስጥ ያለው አንድ ቢጫ አምፖል ብቻ ነው። ቡና እየተፈላ፣ እጣኑ እየጨሰ፣ አያቴ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው። ሁለታችንም ከአንድ ቦታ፣ ያለ ፍላሽ፣ ዙም ሳናደርግ አነሳናቸው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ብርሃን ያስገባል፤ ስለዚህ እኔ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን፤ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 1600 ላይ ስሆን የእሱ ካሜራ ለዛው ፍጥነት ወደ 4000 ይወጣል። ትልቅ ስክሪን ላይ ስናየው የእሱ ፎቶ አሸዋ የተነፋበት ይመስላል፣ የእኔው ላይ ግን የነጠላቸው ጥለት ክሩ ሳይቀር ይታያል። አያቴ አይተው፣ "ውይ! የእጄ ጅማት እንኳ አልቀረውም" ብለው ሳቁ። ያቺ ፎቶ ታጥባ አሁን ግድግዳቸው ላይ ናት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ኤፍ 1.8 የሚገኘው ዙም ሳይደረግ ብቻ ነው። ትንሽ ሲሳብ ቶሎ 2.8 ይሆናል። ስለዚህ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ዙሙን ትቼ በእግሬ ጠጋ እላለሁ።

ጥምቀት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ጃንሜዳ ሕዝቡ ግጥም ብሏል፣ ታቦታቱና ዣንጥላዎቹ ከሩቅ ናቸው። እኔ 70 ላይ ቆምኩ። ወንድሜ 200 ላይ ሆኖ የካህኑን ፊትና ጸናጽሉን ለይቶ ያወጣል። "በኋላ ቆርጬ አጎላዋለሁ" ብዬ ነበር፤ ግን ከ70 ወደ 200 ሲቆረጥ ከ20ው ሜጋፒክስል የሚተርፈው 2.5 ገደማ ነው። ለስልክ ስክሪን ይሆናል፣ ለማጠብ አይሆንም። በዛን ቀን የእሱ ካሜራ በጣም ነው ያስቀናኝ።

ሌላው የማርክ 3 ድክመት ፎከስ ነው። የቆመ ሰው ላይ ምንም አይልም። የሚሮጥ ልጅ ላይ ግን ይሳሳታል። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከአስር ፎቶ ሦስት ጥርት ያለ ካገኘሁ ተመስገን ነው። ማርክ 5 ላይ ይሄ ተስተካክሏል፣ 315 የፎከስ ነጥብ ያለው ፈጣን አሠራር ገብቶበታል። ማርክ 7 ደግሞ ዓይን ይዞ አይለቅም። ቪዲዮም ዋና ሥራችሁ ከሆነ ማርክ 3ን እርሱት። 4ኬ (በጣም ጥርት ያለ ቪዲዮ) የለውም፣ ከማርክ 4 ጀምሮ ነው የመጣው። የማይክ መሰኪያ ያለው ደግሞ ማርክ 7 ብቻ ነው።

በየቀኑ የምወድለት ነገር ቻርጅ አደራረጉ ነው። እንደ አሮጌ ስልክ በማይክሮ ዩኤስቢ ከፓወር ባንክ ይሞላል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አመሰግነዋለሁ። ሶኒ ለአንድ ባትሪ 320 ፎቶ ይላል፣ ለማርክ 5 ግን 220 ነው የሚለው። ትርፍ ባትሪ ያስፈልጋል፣ እኔ ሁለት አለኝ። ሌላው የቀን ፀሐይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሌንሱን ከፍቼ ከጀርባ ያለውን ነገር ላደብዝዝ ስል ብርሃኑ ይበዛል፤ ውስጡ ያለው ኤንዲ ማጣሪያ (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ያኔ ያድነኛል። 6 እና 7 ላይ እሱን አውጥተውታል።

የማልወደው? አካሉ ሙልጭልጭ ነው፣ የሚለጠፍ መያዣ ሳላደርግለት ሁለቴ ሊያመልጠኝ ነበር። በዓይን የሚታይበት መስኮት ከላይ ብቅ ይላል፣ ከዛ ደግሞ በጣት ወደ ኋላ መሳብ አለበት፣ መልሼ ስጫነው ካሜራው ይጠፋል። ዝናብም አይችልም። ክረምቱን በሙሉ ላስቲክ ውስጥ ነው የከረመው።

ትልቁ ብሶቴ ግን አቧራ ነው። የሸጠልኝ ሰው "እንደ አዲስ ነው" ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰማይ ሳነሳ ጥግ ላይ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ሌንሱ ወጣ ገባ ሲል አየር ይስባል፣ ከአየሩ ጋር የኪስ ብናኝ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚጸዳው ተፈትቶ ነው። እኔ አላስፈታሁትም። ነጥቡ ኤፍ 2.8 ላይ ስለማይታይ እዛው ላይ እሠራለሁ፣ ካሜራውን ደግሞ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው የምይዘው።

ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ይሄን አድርጉ፦ ኤፍ 11 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ሌንሱን አስር ጊዜ አስወጡት፣ አስገቡት፤ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ ተዉት። ፍላሹንም መስኮቱንም ብቅ አድርጉ። ሻጩ ቸኮልኩ ካለ ይሂድ።

ነገ ከአዲስ ብጀምር? እኔ በብዛት የማነሳው ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን ነው። ስለዚህ ማርክ 5 ወይም በ2018 የታደሰውን 5ኤ እፈልጋለሁ፤ ያው ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ፣ የእህቴን ልጅ ሲሮጥ የሚከተል ፎከስ። ጉዞ፣ ወፍ፣ መድረክ፣ ክብረ በዓል የምታነሱ ከሆነ ግን ማርክ 6 ወይም 7 ውሰዱ፣ ለጨለማው ቤት ስልካችሁን ወይም ትዕግሥታችሁን ታዘጋጃላችሁ። ማርክ 7 ሲወጣ 1,200 ዶላር ነበር፤ የፎከሱና የማይኩ ጉዳይ ካላሳሰባችሁ ያገለገለ 6ኛ ያንኑ ሌንስ ይሰጣችኋል።

ወንድሜ ሲሄድ "እንቀያየር?" ብሎኝ ነበር። አንድ ሌሊት አሰብኩበት። ጠዋት ቦሌ ስሸኘው ማርክ 3 ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በሩ ላይ ከእናታችን ጋር ተቃቅፈው አነሳኋቸው።