አባይ ዳር በእግር፦ ብራችሁ ዛፍ ሲያሳድግ የምታዩበት ጉብኝት

ባህር ዳር ለምትመጡም፣ እዚሁ ለምትኖሩም ይህችን ልምከራችሁ። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ አባይ በሚወርድበት ዳርቻ፣ የሚሊኒየም ፓርክ በሚባለው በኩል፣ የሰፈር ወጣቶች ተሰባስበው በእግር ያስጎበኛሉ። የምትከፍሉት ብር አገር በቀል ዛፍ ለማሳደግና ዳርቻውን ለመጠበቅ ይውላል። በጣም ወድጄዋለሁ። ቅሬታም አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

አስጎብኚው ወሬ አያበዛም። ዋርካው ስር ስንደርስ "ጋሼ፣ ቀስ ይበሉና ወደ ላይ ይመልከቱ" አለኝ። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው ያ ጥቁርና ነጭ ትልቅ ወፍ ፍሬ ይለቅማል። ባህር ዳር ያደገ ሰው ጩኸቱን ያውቀዋል። ፍሬውን ውጦ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፣ እዚያ ደግሞ ዛፍ ይበቅላል። አንድ የቆየ ዋርካ ሲቆረጥ ወፉም ይሄዳል፣ ሊዘራው የነበረው ዛፍም አብሮ ይቀራል።

ደንገሉ ጋ ብዙ ቆየን። ደንገል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ታንኳ ነው፤ ግን ደለል የሚይዘው እሱ፣ አሳ የሚጠለልበት እሱ፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበትም እሱ ነው። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ለግጦሽ የሚወጣውም በዚሁ ዳርቻ ነው። ዳርቻው እስከ ውሃው አፍ ከታረሰ የት ይግጥ? ማሳ ይገባል፣ ከገበሬው ጋር ይጣላል።

ልቤን የነካው ግን ችግኙ ነው። ዶቅማ፣ ዋንዛ፣ ወይራ። ከብት እንዳይበላው እያንዳንዱ በእሾህ ታጥሯል፣ ስሩ ላይ ደረቅ ሳር ተጎዝጉዟል። አፈሩን በጣቴ ነካሁት፣ በዚያ በጋ እርጥብ ነው። ከወንዙ በጀሪካን እየቀዱ ያጠጡታል። ክረምት ላይ ተተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶበት፣ ጥር ላይ የሚደርቅ ችግኝ ማየት ለሰለቸው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮውም የሰዉ ኑሮም አብረው እንዲጠበቁ የሚታሰብበት ቦታ) ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ግን ውሃ የሚቀዳውና ከብት የሚመልሰው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ደመወዙ ደግሞ ከእንዲህ ዓይነት ጉብኝት ነው የሚመጣው።

አሁን ቅሬታዬ። ደረሰኝ ስጠይቅ ደብተር ላይ ስሜን ጻፉልኝ፣ በቃ። ምን ያህሉ ለጥበቃ፣ ምን ያህሉ ለችግኝ እንደዋለ የሚያሳይ ነገር የለም። ሰሌዳ ባይኖር እንኳን፣ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጥፉ ይበቃ ነበር። ለበጎ ሥራ ብር የሚሰጥ ሰው ሒሳቡን ማየት አለበት፤ እነሱም ቢያሳዩ የሚሰጠው ሰው ይበዛላቸዋል። መንገዱ ዳር የተጣለው የውሃ ፕላስቲክም ያበሳጫል፣ የሚጥለው እኛው ጎብኚዎች ብንሆንም አንድ ማጠራቀሚያ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።

በጠዋት ሂዱ፣ ወፉ የሚታየው ያኔ ነው። ጨምራችሁ መስጠት ከፈለጋችሁ ለችግኝ መግዣ ሳይሆን ለጥበቃና ለውሃ ብላችሁ ስጡ፣ ደብተሩ ላይም እንደዚያው እንዲጻፍ ጠይቁ። ልጆች ከያዛችሁ ወደ ውሃው አታስጠጓቸው፣ ጉማሬ አለ።